ሰርፌስ ፕሮ 2017፦ ጥሩ የሥዕል ኮምፒውተር፣ ለድሬ ሙቀት ግን ያልታሰበ

ሰርፌስ ፕሮ የተባለውን የማይክሮሶፍት ታብሌት "ለሥዕል ይሆናል ወይ?" እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የማወራው በፈረንጆቹ 2017 ስለወጣው ሞዴል ነው፤ ሻጮቹ "ሰርፌስ ፋይቭ" እያሉ ስለሚጠሩት። አዲስ ዕቃ አይደለም። የዘንድሮውን ሞዴል ከነካርቶኑ የሚገዛ ሰው የኔ ምክር አያስፈልገውም። የምጽፈው ድሬ ወይም ሐረር ተቀምጦ፣ ያገለገለ ማሽን ገዝቶ፣ ሥዕል ሸጦ የቤት ኪራይ ለመክፈል ላሰበ ሰው ነው።

ፍርዱን ላስቀድመው። ማሽኑ ለሥዕል በጣም ጥሩ ነው። ግን ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች የሚከራከሩበት ነገር፣ ፔኑ ስንት ደረጃ ግፊት ይለያል፣ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው የሚለው፣ እዚህ ብዙም አይጠቅማችሁም። ድሬ ላይ የቀን ውሏችሁን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ብትዞሩ የማታገኟት አንዲት ቀጭን ባትሪ ናት።

እኔ የምሠራው የተገኘውን ነው። የሰርግ መጥሪያ፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል፣ የካፌ ሜኑ፣ የቲሸርት ዲዛይን። ከሁሉም የማይነጥፈው ግን የባጃጅ ስቲከር ነው። የድሬ ባጃጅ ነጂ ባጃጁን ሳያስውብ እንቅልፍ አይወስደውም። አንበሳ ይፈልጋል፣ አንበሳው መነጽር እንዲያደርግ ይፈልጋል፣ ለነገ ጠዋት እንዲደርስለትም ይፈልጋል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላውራ። ስክሪኑ 12.3 ኢንች ነው፣ 2736 በ1824 ፒክስል። ጥራቱን አይታችሁ ታደንቃላችሁ፤ እኔን የማረከኝ ግን ቅርጹ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ለፊልም ተብሎ ጎኑ የረዘመ፣ ቁመቱ ያጠረ ነው። ይሄኛው 3 ለ 2 ስለሆነ ወደ ወረቀት ይጠጋል። አቁማችሁት ሰው ብትሥሉ ከራስ ቅሉ እስከ ጫማው ይገባላችኋል። ከጀርባው ያለው ማቆሚያ እስከ 165 ዲግሪ ይተኛል፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ክንዳችሁን አሳርፋችሁበት መሥራት ትችላላችሁ፣ አይንሸራተትም። ክብደቱም ያለ ኪቦርድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ቦርሳ ውስጥ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፣ ትከሻ አይቆርጥም።

ፔኑን የወደድኩት የሙሽራ ሂና ዲዛይን ስሠራ ነው። የሂና መስመር ቀጥኖ ይነሳል፣ ሆዱ ላይ ይወፍራል፣ ከዚያ ሳስቶ ሳስቶ ያልቃል። ይሄን በማውስ ሞክሩት፣ ዕድሜያችሁን ትጨርሳላችሁ። በዚህ ፔን ግን ጫፉን ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ነው፤ ቅጠሉ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። 4096 የግፊት ደረጃ ይለያል፣ ዘንበል ስታደርጉትም ያውቃል። ከሱ በፊት የነበረው ፔን 1024 ነበር። አሁን 8192 የሚሉ አሉ። ጣቱ 4096ን ከ8192 የሚለይ ሰው ካለ አቦ እሱ ሌላ ፍጡር ነው፣ እኔ አልለይም።

አንድ የታወቀ ፀባይ አለው። ቀስ ብላችሁ ሰያፍ መስመር ስትስቡ መስመሩ ትንሽ ይወላገዳል። ይሄ የዚህ ዓይነት ፔን ነገር ነው፣ በየአገሩ ያሉ ሠዓሊዎች ሲያወሩበት የኖሩት። ፈጠን ብላችሁ ስትስቡ አይታይም፤ ስለዚህ ለሂናና ለፀጉር ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ልሣል ስትሉ ነው፤ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ስታቢላይዘር የሚባለው የብሩሽ ማለስለሻ ነው፣ እጃችሁን ትንሽ ወደኋላ እየጎተተ መስመሩን ያቃናል። ሁለተኛው አሲስታንት የሚባለው መሣሪያ ነው፣ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብሩሹ እሱን ተከትሎ እንዲሄድ ታደርጋላችሁ፤ የእይታ ርቀትም (ፐርስፔክቲቭ) በሱ ይሠራል። በዚህ ተገላገልኩ።

አሁን ወደ ሙቀቱ።

ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው ይላል። አልደበቀም፣ ጽፎታል። ድሬ ላይ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ ያውም ጥላ ውስጥ። በዚያ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ጨምሩበት። እኛ ጋ ብዙ የሚገኘው አይ 5 ፕሮሰሰር ያለው ሞዴል ደግሞ ፋን የለውም፤ ፋን ያለው አይ 7ቱ ብቻ ነው። ፋን የለውም ማለት ድምፅ የለውም፣ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳም ያንሳል፣ ይሄ ለድሬ አቧራ ምርቃት ነው። ግን የውስጡን ሙቀት የሚያወጣው በጀርባው ብረት ብቻ ነው። ውጭው አየር ቀዝቀዝ ካለ ብረቱ ሙቀቱን ይሰጠዋል። ውጭውም እየነደደ ከሆነ ለማን ይስጠው?

ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይሄ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፣ እንዲቃጠል ካልፈለጋችሁ እንዲህ ማድረግ አለበት። በዓይን ሲታይ ግን ልብ ያወልቃል። ትልቅ ብሩሽ ይዛችሁ ሰማዩን ስትቀቡ ፔኑ ጥግ ደርሶ ይጠብቃል፣ ቀለሙ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ሌየር፣ ማለትም የሥዕሉን ድርብርብ ንጣፍ፣ ለመቀያየር ስትነኩ ያስባል። የሣላችሁትን ወደኋላ ልመልስ ማለትም አይቻልም፣ ሁለቴ የነካችሁት አራቴ ይሆንና ያልፈለጋችሁት ይሰረዛል። ከጀርባው ስትዳስሱት አንዱ ጎኑ ብቻ ሲግል ታገኙታላችሁ፣ እዚያ ጋ ነው ፕሮሰሰሩ።

እንደ ድሬ ነጋዴ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሱቁን ይዘጋል። ነጋዴውን ማንም አይቆጣውም፣ ከተማው በሙሉ ሲያሸልብ እሱም ያሸልባል። እኔም ማሽኑን መቆጣት ትቼ ሥራዬን በሱ ሰዓት አደረግኩት። ከባዱን ነገር፣ ሌየር የበዛበትን፣ ትልቁን ብሩሽ የሚፈልገውን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እጨርሳለሁ። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ንድፍ ብቻ፣ በትንሽ ሸራ፣ በአንድ ብሩሽ። ወይ ከደንበኛ ጋር ስልክ ማውራት። ማታ ነፋሱ ሲመጣ እንደገና። ደንበኞቼ ይሄን ለምደውታል። "ለ8 ሰዓት አድርሺልኝ" የሚለኝ ሰው ከሐረር ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው ብዬ አስባለሁ።

የሞከርኳቸው ነገሮች አሉ። ቬንትሌተሩን ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ ማሽኑ ጀርባ አዙሩት፤ እናንተ ትልባላችሁ፣ እሱ ይሠራል። ማቆሚያውን ሁልጊዜ ክፍት አድርጉት፣ አየር ይግባ። አልጋና ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ ከምታስቡት በላይ ያግዛል፣ ክሮምን መዝጋት ደግሞ ከሱም በላይ። እርጥብ ፎጣ ከሥሩ የሚያነጥፉ አሉ፣ አደራ እሱን አታድርጉ። በረዶማ እቃ ማስጠጋትም ያው ነው፣ ውስጡ ጤዛ ይይዝና ማዘርቦርዱን ይበላዋል።

ላቡስ? ስለ ላብ የሚጽፍ ግምገማ እስካሁን አላነበብኩም። እጄ ያልበዋል፣ መዳፌ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ መስመሩን በአንድ ስበት ልጨርስ ስል መሃል ላይ ይይዘኛል። ጠብ ያለች የላብ ነጠብጣብ ደግሞ ለስክሪኑ ጣት ናት፤ ሸራው በራሱ ያጎላል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴ ነጥብ ይጥላል። መፍትሔው ሁለት ነው። ክሪታ ውስጥ በጣት መንካትን ዝጉት፣ ፔኑ ብቻ ይሥራ። ከዚያ የሠዓሊ ጓንት የሚባለውን፣ ትንሿንና ያጠገቧን ጣት ብቻ የሚሸፍነውን፣ ከአሮጌ የጥጥ ካልሲ ቁረጡት። የተሸጠውን ፍለጋ አትድከሙ፣ የሚሸጠው ናይለን ነው፣ እሱ ደግሞ ላብ አይመጥም። አቧራውንም አትርሱ። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር መስታወቱን ሳትጠርጉ ፔን አታሳርፉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከፔኑ ሥር ገብታ ስትንሸራተት የምትሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል፣ ጭረቷም አይለቅም።

ከከተማው አፍንጫ ሥር ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ እንዳለ ታውቃላችሁ? የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እዚያ ቀይ አፈር እየፈጩ ቀለም ያዘጋጁ ነበር፤ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ የሚሆን የቀለም ድንጋይ አግኝተውበታል። እነዚያ ሰዎች ዋሻ የመረጡት ወደው አይመስለኝም። ጥላ ፍለጋ ነው። በሙቀት የሚሠራ የድሬ ባለቀለም ሁሉ መጀመሪያ ጥላ ይፈልጋል።

ሐረር ሲሄድ ማሽኑ ሌላ ሰው ይሆናል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎን ስትወጡ መስኮቱ ላይ አየሩ ሲቀየር ይታወቃችኋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ያቺ 700 ሜትር ለሰው ሹራብ ናት፣ ለማሽኑ ደግሞ ፋን። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሠርቼበት ሲንቀራፈፍ አላየሁትም። ወንድሜ "ይሄ ነገር ሐረሪ ነው፣ በግድ ነው ድሬ ያኖርሽው" ይለኛል።

ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ቁጭ ብላችሁ ሥላችሁ ታውቃላችሁ? ልብስ ሰፊዎቹ በመደዳ፣ የስፌት ማሽኑ ይንገራገራል፣ ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሏል፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ወረቀትና ውሃ ቀለም ይዛችሁ ብትቀመጡ ሰው ይረግጣችኋል። ታብሌት ግን ጭን ላይ ነው፣ ሰውም ፎቶ የምታዩ ይመስለውና ይተዋችኋል፣ ከልጆቹ በስተቀር። አንዱ ልብስ ሰፊ "ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?" ብለው መጥተው አዩ። የራሳቸውን እጅ ነበር የምሥለው፣ ጨርቁን ወደ መርፌው የሚገፋውን። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና "አውራ ጣቴን አሳምረሽዋል፣ ጠማማ ነው እኮ" አሉኝ። አጣመምኩት። ልክ ነበሩ።

የጀጎል ግድግዳዎች ቀለም ላይ ግን ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ያ አረንጓዴ፣ ያ ወይን ጠጅ፣ ያ ሰማያዊ ስክሪኑ ላይ ደምቆ ያምራል፣ ታትሞ ሲመጣ ይደበዝዛል። ይሄ የማተሚያ ጉዳይ ነው፤ ማተሚያ ስክሪን የሚያሳየውን ቀለም ሁሉ ማውጣት አይችልም። ክሪታ ላይ ሥራችሁን በማተሚያው ቀለም አስቀድሞ የሚያሳይ አማራጭ አለ፣ ደንበኛ ከመሳደቡ በፊት እሱን ክፈቱ። ከፀሐይ በታች ደግሞ መስታወቱ የራሳችሁን ፊት ነው የሚያሳያችሁ፣ ከዚራ ያሉት ዛፎች ሥር እንኳን ቅጠሉ ይንጸባረቅበታል። ግድግዳ ፈልጉና ጀርባችሁን ስጡት።

ወደ መብራት ስንመጣ ይሄ ማሽን ከኮምፒውተር ጋር ከሚሰካው የሥዕል ስክሪን ይበልጣል። ዋኮም ሲንቲክ 16ን ብትወስዱ ፔኑ ባትሪ አይፈልግም፣ ለዚያ ምስጋና ይገባዋል፤ ግን ስክሪኑ የራሱ ባትሪ የለውም፣ መብራት እልም ሲል ሥራችሁ ፊታችሁ ላይ ይጠፋል። ሰርፌሱ ግን ባለ ባትሪ ነው፣ መብራት ሄደ አልሄደ ዞር ብሎ አያይም።

ቻርጀሩ ግን ጣጣ አለው። የሚሰካው በራሱ ማግኔት ነው፣ በዩኤስቢ ሲ አይደለም፤ 44 ዋት፣ 15 ቮልት። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሳችሁ የምትሰኩት ነገር አይደለም። አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው፣ ካልሆነ መልሺው" ብሎ የሸጠኝ ቻርጀር ጫፉ ላይ ግሎ ፕላስቲኩ ተላጠ፤ ስመልስ ሻጩ ተቀይሯል፣ አዲሱ ሻጭ ደግሞ አያውቀኝም። ፎርጅድ መሆኑን በክብደቱ ታውቁታላችሁ፣ ኦሪጅናሉ እጅ ላይ ይከብዳል። ከዚያ ይልቅ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ሰርፌስ የሚሄድ ባለ 15 ቮልት ገመድ ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጡ። እሱ ካለ 15 ቮልት የሚሰጥና 45 ዋት የሚችል ፓወር ባንክ ይሞላላችኋል። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ 15 ቮልት የሚል ከሌለ አትግዙት። ይሄ ገመድ ለኔ ከጄኔሬተር ይበልጣል። በተረፈ ማሽኑን ከፍሪጅ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት። መብራት ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ።

ያቺ ባትሪ። የፔኑ ባትሪ ባለ አራት ኤ ናት። ባለ ሁለትም ባለ ሦስትም ኤ አይደለችም፣ አራት። ሪሞት ውስጥ ከምትገባው ትቀጥናለች። አንዴ ከገባች ወራት ትቆያለች፣ ስትሞት ግን ሥራ የለም። የድሬን ገበያዎች፣ ታይዋንን ዞሬያለሁ፣ ቀፊራን ዞሬያለሁ። ሻጩ ባለ ሦስቷን ይሰጣችኋል፣ "አትገባም" ስትሉት "ግፊያት" ይላችኋል።

ያገኘሁት መላ ይሄ ነው። ማይክሮፎን ውስጥ የምትገባው ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ አለች አይደል? አንዳንዶቹ አልካላይን የሆኑት ውስጣቸው ስድስት ቀጫጭን ባትሪ ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት። ቆርቆሮውን በፒንሳ በቀስታ ታላቅቁታላችሁ፣ የተበየደችውን ልሳን ትቆርጣላችሁ፣ ስድስት የፔን ባትሪ አገኛችሁ። ሁሉም ብራንድ እንዲህ አይደለም፣ አንዳንዱ ውስጡ ጠፍጣፋ ንብብር ነው፣ እሱ አይሆንም። የወጣችው ባትሪ ከትክክለኛዋ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለምታጥር ጫፏ ላይ የታጠፈ የሲጋራ ፎይል ጨምሩ። የቱ ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ በዓይን አትገምቱ፣ በቴስተር ለኩት፣ ቅርጿ ያሳስታል። ሁለቱን ጫፍ በብረት አታገናኙ። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ይሄን አይሞክር፣ ሕፃን ባለበትም አይሞከር። ደግሞ ፔኑ በማግኔት ጎኑ ላይ ይለጠፋል፣ ባጃጅ ውስጥ ግን ማግኔቱን አትመኑ፤ አንድ የሳቢያን ጉድጓድ ይበቃዋል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ክሪታን ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ ጨረስኩ። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበትን እኛ በምን ካርድ እንከፍላለን? ክሪታ ለሥዕል ነው የተሠራው፣ ብሩሾቹ ይጣፍጣሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ማስገባት ላይ ግን ልቤን አልሞላውም፤ ፊደሉን ኢንክስኬፕ የሚባል ሌላ የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ሠርቼ ነው የማመጣው። የባጃጅ ስቲከርም ያው ነው፣ ቆራጩ ማሽን የሚፈልገው ቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሠራ ንድፍ፣ ስለሆነ ንድፉ በክሪታ፣ ማጠናቀቂያው በኢንክስኬፕ።

ራሙ ላይ ግን አትሸወዱ። ይሄ ሞዴል ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ጊጋ አለው፣ ከተገዛ በኋላ አይጨመርም። ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ኤ 3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 3508 በ4961 ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይዞ አንዱ ሌየር ብቻ ወደ 70 ሜጋ ይበላል። እንደኔ ሃያ ሌየር የምትደረድሩ ከሆነ 1.4 ጊጋ ሄደ፣ ያውም ወደኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠውን ሳንቆጥር። ዊንዶውሱ የራሱን ድርሻ ወስዶ ባለ 4ቱ ላይ ምን ይቀራል? ባለ 8ቱን ፈልጉ። ባለ 4ቱን "ለሥዕል በቂ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሥሎ አያውቅም።

አሁን ግዢው። እኛ አገር ሁሉም ነገር "ስላይትሊ ዩዝድ" ነው፣ ጥርሱ የረገፈውም ጭምር። ዋጋ አልጽፍም፤ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። ማሽኑ አዲስ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻው 799 ዶላር ነበር፣ ፔኑ ለብቻው 99። ይሄን የምነግራችሁ ፔን የሌለውን ማሽን "በርካሽ" ብለው ሲሰጧችሁ የጎደለውን እንድታሰሉ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ከጎኑ፣ ዓይናችሁን ከጠርዙ ጋር አስተካክላችሁ እዩት። መስታወቱ ከብረቱ ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል፣ ሻጩ ምንም ይማል ምን ጥላችሁ ውጡ። የሞቀ አገር የኖረ ባትሪ ላይ ይሄ ይመጣል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትዕዛዝ አለው፣ ሻጩ ፊት አስወጡት፤ ሲሠራ 45 ዋት ሰዓት የነበረው አሁን ስንት እንደቀረ ያሳያል። ከዚያ ፔን ይዛችሁ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሙሉት፣ የሞተ ቦታ ካለ መስመሩ እዚያ ይቋረጣል። ሻጩ ይቁነጠነጣል፣ ይቁነጥነጥ።

ይሄን ሁሉ የምለው ስለማይጠገን ነው። አይፊክስኢት የተባሉት ማሽን ፈትተው ለጥገና ቅለቱ ነጥብ የሚሰጡ ሰዎች ለዚህ ሞዴል ከ10 የሰጡት 1 ነው። ሁሉም ነገር በማጣበቂያ ነው የተያዘው፣ ለመክፈት መጀመሪያ መስታወቱን መንቀል ያስፈልጋል፣ መስታወቱ ደግሞ ይሰነጠቃል። የድሬ ስልክ ጠጋኞች እጅ የተባረከ ነው፣ የሞተ ስልክ ሲያስነሱ አይቻለሁ። አንዱ ጋ ወስጄ ባትሪ ይቀየር እንደሆነ ስጠይቀው አገላብጦ አየው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ መልሶ ሰጠኝ። "አቦ እህቴ፣ ይሄንስ ለሠራው ሰውዬ ውሰጂለት።"

አይፓድስ? የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ፔኑ ይበልጣል፣ መስመሩ አይወላገድም፣ ፕሮክሬት የሚባለው የሥዕል ፕሮግራሙም አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። ሙቀቱ ላይ ግን አፕልም የሚጽፈው ያው 35 ዲግሪ ነው፣ ድሬ ለማንም አታዳላም። እኔ ኢንክስኬፕና የማተሚያ ቤቱ ፋይል ስለሚያስፈልገኝ ሙሉ ኮምፒውተር ይሻለኛል። ገና ለሚጀምር ልጅ ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ቤት ያለው ላፕቶፕ ላይ ስክሪን የሌለው ትንሽ የሥዕል ታብሌት ይሰካ። ጠረጴዛ ላይ እየሣሉ ወደ ላይ ማየት ሳምንት ያስቸግራል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል። አንገትም አይታመም።

የቀረው የዊንዶውሱ ነገር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። ማሽኑ ነገ አይቆምም። እኔ የባንክና የኢሜይል ጉዳዬን ወደ ስልኬ አውጥቼ ይሄን ለሥዕል ብቻ ትቼዋለሁ፣ ኢንተርኔቱንም ፋይል ልልክ ስል ብቻ ነው የምከፍተው። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ሊኑክስ ላይ ለሰርፌስ ማሽኖች ተብሎ የተዘጋጀ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አለ፣ ክሪታም እዚያ ያው ክሪታ ነው። የሰርግ ሥራው ጋብ ሲል እሞክረዋለሁ። ቀድሞኝ የሞከረ ካለ አንድ ነገር ብቻ ይንገረኝ፦ የፔኑ ግፊት ልክ እንደ ዊንዶውሱ ለስላሳ ነው ወይስ ይዘላል? ሌላው ሁሉ ይለመዳል፣ እሱ ከዘለለ ግን ሂናው አይሠራልኝም።